ለ16 ዓመት ማንም አልመዘነኝም

ሐኪም ቤት በሄድኩ ቁጥር ካርዴ ላይ ባዶ የምትቀር አንዲት ቦታ ነበረች። «ክብደት» የምትለዋ። የግፊቱ ቁጥር ይጻፋል። የሙቀቱም ይጻፋል። ክብደት ላይ ሲደርሱ ግን ቀና ብለው ዊልቸሬን ያያሉ፤ ከዚያ ሰረዝ አድርገው ያልፋሉ። አንዳንዶቹ «ስንት ትሆናለህ?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔም ከአደጋው በፊት የማውቀውን ቁጥር እነግራቸዋለሁ። እሱ ይጻፋል። 16 ዓመት እንዲህ አለፈ።

ሚዛኑ ላይ መቆም ስለማልችል ነው። በ27 ዓመቴ በመኪና አደጋ ሕብለ ሰረሰሬ ተጎዳ። ከእምብርቴ በታች አይሰማኝም፤ እግሮቼም አይታዘዙኝም። ዘንድሮ ዊልቸር ላይ 19 ዓመት ሞላኝ።

በእነዚህ ዓመታት ስለ እግሬ ያልጠየቀኝ ሐኪም የለም። ስለ ልቤ፣ ስለ ደሜ ስኳር፣ ስለ ኮሌስትሮሌ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ትልቅ ጉዳት ከደረሰብኝ ሌላው በሽታ የሚያልፈኝ ይመስለኝ ነበር። አላለፈኝም። የሆነውን ልንገራችሁ። እንደኔ የአካል ጉዳት ያለባችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ያለ፣ እኔ ዘግይቼ ያወቅኩትን ቀድማችሁ እንድታውቁ ነው ፍላጎቴ።

ነገሩ የተገለጠው በቁስል ነው። ግራ መቀመጫዬ ላይ፣ አጥንቱ በሚያርፍበት በኩል፣ ቆዳዬ ቀላ። ብዙ ስቀመጥ አልፎ አልፎ የሚያጋጥመኝ ነገር ስለሆነ አልደነገጥኩም። በጎኔ ሆኜ ሁለት ቀን ተኛሁ። ቀደም ሲል እንዲህ ሳደርግ ይጠፋ ነበር። ያን ጊዜ ግን ተከፈተ። ስፋቱ የአውራ ጣቴን ጥፍር ቢያክል ነው። አራት ወር ሙሉ አልድን አለ።

ቁስሉን የምታጥብልኝ ነርስ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። አንድ ቀን ፋሻውን ፈታ ዝም ብላ አየችው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ቁስል እስካሁን መዝጋት ነበረበት። ስኳር አለብህ እንዴ?»

«የለብኝም ሲስተር።»

«ተመርምረህ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ተመርምሬ አላውቅም።

በማግሥቱ ምግብ ሳልቀምስ ሄጄ ደም ሰጠሁ። 138 ሆነ። ምግብ ሳይበላ የተለካ ስኳር 126 ከደረሰ የስኳር በሽታ ነው፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ደግሞ የማስጠንቀቂያው ደረጃ ነው። ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳየውን ምርመራም አዘዙልኝ። እሱ 7.1 በመቶ መጣ። 6.5 ሲደርስ ነው በሽታው አለ የሚባለው። ሁለቱም ምርመራ አንድ ነገር ተናገረ።

ቤት ገብቼ ወደ ኋላ ሳስበው ምልክቱ ፊቴ ላይ ነበር። ሽንቴን የማወጣው በካቴተር ነው፤ ፊኛ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ያህል አስገብቼ አወጣለሁ፣ መጠኑንም አያለሁ። ብዙ ጊዜ ከ400 ሚሊ ሊትር አይበልጥም ነበር። ከወራት በፊት ግን 600፣ አንዳንዴም 700 ይሞላ ጀመር። ሌሊት ሁለት ጊዜ እየተነሳሁ ማውጣት ግድ ሆነብኝ። ውኃ ጥሙም አይጣል ነበር። እኔ ግን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ብዬ ደመደምኩ። ድካሙንም ለጉዳቴ ሰጠሁት። እኛ ዘንድ ይሄ በጣም የተለመደ ነው። የሚሰማንን አዲስ ነገር ሁሉ በአሮጌው ጉዳት እናሳብባለን። ሐኪሞችም ያሳብባሉ። እባካችሁ፣ ሰውነታችሁ ከለመደው ወጣ ካለ «የጉዳቴ ነው» ከማለታችሁ በፊት ደም ተመርመሩ።

እህቴ ስትሰማ አላመነችም። «አንተ እኮ ቀጭን ነህ!» አለችኝ። የእኔም ሐሳብ ይኸው ነበር። እግሮቼ ቀጫጭን ናቸው። ፊቴም አልወፈረም። ሆዴ ገፋ ማለቱን ግን «ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ሆድ እንዲህ ነው» ብዬ ትቼው ነበር።

ውጤቱን ያየልኝ ሐኪም ወጣት ነው። ክብደቴን ሲጠይቀኝ እንደ ልማዴ የድሮውን ቁጥር ነገርኩት። 70 ኪሎ።

«መቼ የተለካ ነው?»

«ከአደጋው በፊት።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲያውስ ዛሬ እንመዝንሃለን» አለኝ።

ሕንፃው ውስጥ ዕቃ የሚመዘንበት፣ ከመሬት እኩል የሆነ ሰፊ ሚዛን ነበር። መጋዘኑ በር ላይ። በየቀጠሮዬ አጠገቡ አልፌ ሄጃለሁ። ዊልቸሬን ገፍቼ ወጣሁበት። 87.5 ኪሎ። ከዚያ አልጋ ላይ አወጡኝና ዊልቸሩን ከነመቀመጫ ትራሱ ለብቻው መዘኑት። 16.5 ኪሎ። ቀሪው እኔ ነኝ፤ 71 ኪሎ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ለ16 ዓመት የቀረው ይሄ አምስት ደቂቃ ነው።

ከድሮው የሚበልጠው በአንድ ኪሎ ብቻ ስለሆነ ደስ አለኝ። ሐኪሙን ግን ደስ አላለውም። ቁመቴን አስተኝቶ ለካኝ፤ 1 ሜትር ከ76። ኪሎው በቁመት ሁለት ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር 23 ገደማ መጣ። ለብዙ ሰው 25 እስኪደርስ ችግር የለውም ይባላል። ሕብለ ሰረሰሩ ለተጎዳ ሰው ግን ከ22 ካለፈ ከመጠን ያለፈ ስብ አለ ብሎ መጠርጠር እንደሚገባ ነገረኝ።

«ድሮ 70 ኪሎ ስትሆን ጭንህ ጡንቻ ነበር» አለኝ። «አሁን ያ ጡንቻ የለም። ኪሎው ግን አልቀነሰም። ታዲያ የጡንቻውን ቦታ ምን የያዘው ይመስልሃል?»

ወገቤን ተኝቼ በሜትር ለካኝ። 99 ሴንቲ ሜትር። ወንድ ልጅ 94 ካለፈ መጠንቀቅ አለበት። ሚዛኑ የደበቀውን ሜትሩ አወጣው። ስለዚህ ሚዛን ባታገኙ እንኳ ሜትር ከቤታችሁ አይጥፋ። ሁልጊዜ ተኝታችሁ፣ ትንፋሽ ካስወጣችሁ በኋላ፣ በአንድ ቦታ ለኩ።

እጅ ወይም እግር ለተቆረጠባቸው ሒሳቡ ሌላ ነው። ከጉልበት በታች ያለው እግር ከሰውነት ክብደት 6 በመቶ ያህል ነው። ሙሉው እግር ደግሞ 16 በመቶ ገደማ። ሙሉ እግሩ የሌለ ሰው 70 ኪሎ ቢመዝን፣ እግሩ ቢኖር 83 ገደማ ይሆን ነበር። ይህን ሳያስተካክሉ ቁጥሩን በቁመት ማካፈል ሰውን ያዘናጋል።

ሐኪሙ የነገረኝን በራሴ ቋንቋ ልድገመው። የበላነው ስኳር ወደ ደም ሲገባ አብዛኛውን የሚወስደው ጡንቻ ነው። ትልልቆቹ ጡንቻዎች ደግሞ ያሉት ጭንና መቀመጫ ላይ ነው። ነርቩ ሲቋረጥ እነዚህ ጡንቻዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ይሟሽሻሉ፣ በመሃላቸውም ስብ ይገባል። ስኳሩ የሚገባበት ቦታ ያንሰዋል። ቆሽት ስኳሩን ከደም የሚያስወጣውን ኢንሱሊን እያበዛ ይታገላል፣ አንድ ቀን ግን ይደክመዋል። በዚያ ላይ እንቅስቃሴ ስለሌለ «ጥሩው» የሚባለው ኮሌስትሮል ይወርዳል። የእኔ 31 ነበር። ለወንድ ከ40 በላይ እንዲሆን ነው የሚፈለገው። እንግዲህ ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድም ቦታ አላመመኝም።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ ወር 2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያወጣው ሪፖርት አለ። በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰው ከባድ የሚባል የአካል፣ የስሜት ሕዋስ ወይም የአእምሮ ጉዳት አለበት ይላል። ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ስኳር፣ ስትሮክ፣ ድብርት፣ አስም፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የአፍ ጤና ችግር፤ በእነዚህ የመያዝ ዕድላችን ከሌላው ሰው እጥፍ መሆኑን ይገልጻል። አንዳንዶቻችን ደግሞ ጉዳት ከሌለበት ሰው እስከ 20 ዓመት ቀድመን እንሞታለን። ይቺን መስመር ሳነብ ስልኬን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ሪፖርቱ ግን ምክንያቱን ሁሉ ሰውነታችን ላይ አልጣለም። መግባት የማይቻል ሕክምና ቤት፣ የተሳሳተ አመለካከት፣ ድህነት፣ ከምርመራ መዘለል፤ እነዚህም አሉበት። እኔን ሚዛን ላይ ያላወጣኝ ሕብለ ሰረሰሬ አልነበረም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት እንደኔ የተጎዳ ሰው ብዙ ዓመት አይኖርም ነበር። በመኝታ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ይሞታል። በፈረንጆቹ 1944 እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ውስጥ ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ሐኪም ይህን መለወጥ ጀመረ። ታካሚዎቹን በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጣል፣ ሽንታቸውን ይከታተላል፣ ስፖርት ያሠራቸዋል። የፓራሊምፒክ፣ የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ ማለት ነው፣ ጅማሬውም እዚያ ነው። ዛሬ ዕድሜ አግኝተናል። ዕድሜ ስናገኝ ደግሞ ልብ፣ ስኳር፣ ደም ሥር የሚባሉት ይጠብቁናል። ሕክምናው ግን ብዙ ቦታ አሁንም ቁስልና ሽንት ላይ ብቻ ነው ዓይኑ ያለው።

ወደ እኔ ልመለስ። ሜትፎርሚን የሚባል የስኳር መድኃኒት ተጀመረልኝ። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን ለእኛ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ አካባቢ ሆድ ያስቀምጣል። ለሌላው ሰው ይሄ ትንሽ መቸገር ነው። ሰገራውን በሰዓትና በሥርዓት ለሚያስወጣ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ማበላሸት ነው። እርጥበቱ ቆዳን ያቆስላል። እኔ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከቤት መውጣት አቅቶኝ መድኃኒቱን ልተወው ነበር። ለሐኪሙ ስነግረው ቀስ ብሎ የሚሟሟውን ዓይነት ቀየረልኝ፣ መጠኑንም ከትንሹ ጀምሮ ቀስ በቀስ ጨመረው። ተስተካከለ። ስለ ሰገራችን ማውራት ማፈር የለብንም። መድኃኒቱን እንዳንወስድ የሚያደርገን እሱ ከሆነ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። በሽንት በኩል ስኳር የሚያስወጡ አዳዲስ መድኃኒቶችም አሉ። እነሱ ሲታዘዙላችሁ በካቴተር እንደምትጠቀሙ አስታውሱ፤ ብልት አካባቢ ኢንፌክሽን ሊያመጡ ይችላሉና።

የእግር ጉዳይም አለ። ስኳር ያለበት ሰው ውሎ አድሮ እግሩ ይደነዝዛል፣ ቁስሉን ሳያውቅ ይቆያል ይባላል። የእኔ ቀድሞም አይሰማኝም። ስለዚህ ማታ ማታ በረዥም እጀታ መስታወት መቀመጫዬን፣ ተረከዜን፣ በጣቶቼ መሃል ያለውን አያለሁ። ጫማ ከማድረጌ በፊት እጄን ውስጡ አስገብቼ እዳስሳለሁ። እግር የምታጠቡ ከሆነ የውኃውን ሙቀት በክንዳችሁ ሞክሩ።

አሁን ስለ እንቅስቃሴ። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንዋሸው እዚህ ነው። እኔ «ቀኑን ሙሉ ዊልቸር እገፋለሁ፣ ይበቃኛል» እል ነበር። አይበቃም። ቤት ውስጥ ከክፍል ክፍል መግፋት ልብን አያሠራም። ለሕብለ ሰረሰር ጉዳት ተብሎ በፈረንጆቹ 2018 የወጣ መመሪያ አለ። ለአቅምና ለጡንቻ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ልብን የሚያሠራ እንቅስቃሴ፣ ከክብደት ሥራ ጋር። ለልብና ለስኳር ጥቅም እንዲሰጥ ደግሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ 30 ደቂቃ። የዓለም ጤና ድርጅትም በፈረንጆቹ 2020 ባወጣው የእንቅስቃሴ መመሪያ ላይ አካል ጉዳተኞችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ አካቷል። እሱ በሳምንት 150 ደቂቃ ይላል፤ ግን ትንሽም ቢሆን ከምንም ይሻላል ብሎ ይጨምራል።

ልብን ያሠራል የሚባለው እንዴት ይታወቃል? እያወራችሁ መቀጠል ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ እዚያ ናችሁ።

እኔ በ5 ደቂቃ ጀመርኩ። ሜዳ ላይ ዊልቸሬን ፈጠን አድርጌ እገፋለሁ፣ አርፋለሁ፣ እደግማለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ትከሻዬ ተነሳብኝ። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት አቃተኝ። ለእኛ ትከሻ ማለት እግር ነው። እሱ ከተበላሸ ከአልጋ ወደ ዊልቸር መሻገርም አይቻልም። ፊዚዮቴራፒስቷ ጋ ስሄድ ስህተቴን ወዲያው አየችው። አገፋፌ አጭር አጭርና ቶሎ ቶሎ ነበር። ጎማውን ከኋላ ይዤ ረዘም አድርጌ እንድገፋ፣ ከዚያ እጄን ወደ ታች ጥዬ እንድመልሰው አሳየችኝ። የኋላው ጎማ ዘንግ ራቅ ብሎ ስለነበር ትንሽ ወደ ፊት አስመጣችው። ልዩነቱን በዚያው ቀን አየሁት።

ሁለተኛው ምክሯ ይበልጣል። «ቀኑን ሙሉ ትገፋለህ። ማን ይጎትትልህ?» አለችኝ። የደረቴና የትከሻዬ ፊት ጡንቻ ጠንክሯል፣ የኋላው ግን ላልቷል። ላስቲክ በር ላይ አስሬ ወደ ራሴ መጎተት ጀመርኩ። 10 ጊዜ፣ እረፍት፣ እንደገና 10፣ ሦስት ዙር። በሁለት ወር ውስጥ የትከሻ ሕመሙ ቀለለ። ዛሬ በእጅ የሚሽከረከር ፔዳል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በሳምንት አራት ቀን 30 ደቂቃ እሠራለሁ። ከመጀመሬ በፊት ፊኛዬን ባዶ አደርጋለሁ፣ ስጨርስ ቆዳዬን አያለሁ።

ይሄ ግን ለሁሉም አይሠራም። በልጅነቱ ፖሊዮ የያዘው፣ በክራንች የሚሄድ ጓደኛ አለኝ። ያለ የሌለ ጉልበቱን ተጠቅሞ ዕድሜውን ሙሉ ሲሮጥ የኖረ ሰው ነው። 50 ሲጠጋ ደህና የነበረው እግሩ መድከም ጀመረ። ከፖሊዮ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ የሚመጣ ድካም አለ። እሱ እንደኔ ራሱን ልግፋ ቢል ይብስበታል። የሚሠራው በትንሽ በትንሹ፣ መሃል ላይ እያረፈ ነው። በማግሥቱ ከደከመው አብዝቷል ማለት ነው። ስለዚህ የእኔን ፕሮግራም እንዳለ አትውሰዱ፤ ጉዳታችሁን የሚያውቅ ባለሙያ ያስተካክልላችሁ።

ሌላው ጓደኛዬ አንገቱ ላይ ነው የተጎዳው። የእሱ ግፊት በደህናው ቀን 90 በ60 ነው። አንድ ጊዜ ራሱን አመመው፣ ፊቱ ቀላ፣ ላብ አጠመቀው። የለካው ሰው 130 በ85 ሲያይ «ደህና ነው» ብሎ ሊሰደው ነበር። ለእሱ ግን ያ ከፍተኛ ነው። ለካ ግፊቱ የወጣው ካቴተሩ ታጥፎ ፊኛው ሞልቶ ነው። ሕብለ ሰረሰሩ ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ አጥንት ጀምሮ ወደ ላይ የተጎዳ ሰው እንዲህ ሲሆን አደጋ ነው፤ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ጠባብ ልብስ ማላላት፣ ካቴተሩንና ፊኛውን ማየት፣ ካልወረደ ወደ ድንገተኛ መሮጥ። የዘወትር ግፊታችሁን ቁጥር ጻፉና ኪሳችሁ ያዙ። ከፍ ያለ ጉዳት ያለበት ሰው የልብ ሕመም ሲመጣበትም ደረቱን ላያመው ይችላል። ትንፋሽ ማጠር፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ያልተለመደ ድካም፣ የእግር መኮማተር መብዛት ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን የቤት ሰው ሁሉ ይወቀው።

ስለ ኩላሊትም አንዲት ነገር። የኩላሊት ምርመራ ሲባል የሚታየው ብዙ ጊዜ ክሪያቲኒን የሚባል፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው። እሱ ደግሞ የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። ጡንቻችን ትንሽ ስለሆነ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ኩላሊት እየደከመም «ደህና ነው» ሊባል ይችላል። እኔ ሐኪሜን ስጠይቀው እንደ ክሪያቲኒን በጡንቻ ብዛት የማይወሰነውን፣ ሲስታቲን ሲ የሚባለውን ምርመራ ጨመረልኝ፣ በዓመት አንድ ጊዜም አልትራሳውንድ አደርጋለሁ። ሜትፎርሚን ለሚወስድ ሰው ኩላሊቱን በትክክል ማወቅ ቁም ነገር ነው።

የማንቆምበት እግር አጥንቱም ይሳሳል። እኔ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስሻገር እግሬ ጉልበቴ አካባቢ እንዳይሰበር እጠነቀቃለሁ። ሲጋራም አቁሜያለሁ። ቁስሉ እንዲድን ስል ነው ያቆምኩት፣ ለልቤም ሆነ።

ስለ ሐዘኑ ግን መዝለል አልፈልግም። ስኳር አለብህ ከተባልኩ በኋላ ወደ ሦስት ወር ያህል ለምንም ነገር ጉጉት አልነበረኝም። «ሌላ ደግሞ ተጨመረብኝ» የሚል ስሜት ነው። መድኃኒቱን እየረሳሁ፣ መስታወቱን ሳላይ እያደርኩ። ለእህቴ አልነገርኳትም፣ እሷ ግን አወቀች። አንድ ማታ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና «ወንድም ጋሼ፣ ዝም ካልከኝ እኔም አልተኛም» አለችኝ። በማግሥቱ አብረን ሄድን። ከባለሙያ ጋር ማውራቱ ጠቀመኝ። ድብርት ያለበት ሰው ስኳሩን መቆጣጠር ይከብደዋል፤ እሱን ሳይነኩ ሌላውን ማስተካከል ድካም ነው።

ቀጠሮ ላይ ስሄድ አሁን ባዶ እጄን አልሄድም። አንዲት ወረቀት አለችኝ። ጉዳቴ የት ላይ እንደሆነ፣ የዘወትር ግፊቴ፣ ክብደቴ፣ ወገቤ፣ የመጨረሻው የስኳርና የኮሌስትሮል ውጤት፣ የካቴተሬ መጠን፣ የምወስደው መድኃኒት። ዶክተሩ ሲቸኩል እሷን አቀብለዋለሁ። አብሮኝ ሰው ሲኖር ሐኪሙ ከሱ ጋር ሲያወራ «ይቅርታ ዶክተር፣ ለእኔ ቢነግሩኝ» እላለሁ። መጀመሪያ ይከብድ ነበር፣ አሁን ለመድኩት። ምርመራው ክፍል ውስጥ አልጋው ከፍ ብሎ ካስቸገረኝ ዊልቸር ላይ ሆኜ መታየትን አልቀበልም። መቀመጫዬን ሳያይ የሚሸኘኝ ሐኪም አላየኝም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት አለፈ። ቁስሉ በሰባተኛው ወር ዘጋ። የሦስት ወሩ ስኳር 6.2 ነው። ወገቤ 91። ክብደቴ 66 ኪሎ ተኩል።

ባለፈው ወር ቀጠሮ ላይ አንድ ወጣት አጠገቤ ተሰለፈ። ዊልቸሩ አዲስ ነው፣ ጓንቱም አዲስ። ነርሷ ካርዱን ስትሞላለት ክብደት ላይ ደርሳ ቀና አለች። «ስንት ትሆናለህ?» አለችው። እሱ ወደ ጣሪያው እያየ ማሰብ ጀመረ።

«ሲስተር፣ መጋዘኑ በር ላይ ሚዛን አለ» አልኳት።

ልጁ ዞሮ አየኝ። እንዴት እንደሚደረግ ነገርኩት። መጀመሪያ ከነዊልቸሩ፣ ቀጥሎ ዊልቸሩ ብቻውን፣ ትራሱ ሳይወርድ፣ ቦርሳው ግን ወርዶ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ልርዳው ብሎ አብሮት ሄደ። ወረፋዬ ሳይደርስ ተመለሱ። ልጁ ሁለቱን ቁጥሮች መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጽፏቸው ነበር፤ እየቀነሰ ነበር የመጣው።